የአስረሳች ሕመም

ራጉኤል ውሸቱን የዋሸው ረቡዕ ከልምምድ በኋላ ነው፤ ላቡ ሳይደርቅ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ የአቶ ፍሬምናጦስ ቢሮ በር ላይ ቆሞ፣ እናቴ ታማለችና አዋሽ ደርሼ ልምጣ አለ። አቶ ፍሬምናጦስ መነጽራቸውን አወለቁ። ደመወዝ ሲጠየቁ ፊታቸው እንደ ኩበት የሚደርቀው ሰውዬ በዚያች ሰዓት አንጀታቸው ተላወሰ፤ ምን ሆኑ፣ መቼ ጀመራቸው፣ ሐኪም አያቸው ወይ ብለው ጠየቁ። ለእሁዱ ጨዋታ ከደረስክ ጥሩ፣ ካልደረስክም እናት አንድ ናት፣ ሂድ አሉት። ራጉኤል አመስግኖ ወጣ። 

እናቱ አልታመመችማ። አስረሳች በዚያች ሰዓት አዋሽ ሰባት፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለችው ቁርስ ቤቷ ለነገ ፉል የሚሆን ባቄላ እየለቀመች ነበር። ባሏ፣ የባቡር ሠራተኛው፣ ከሞተ ወዲህ ልጇን ያሳደገችው በዚያች ቁርስ ቤት ነው። እሷ እንኳን ልትታመም፣ ጉንፋን ቢመጣባት "አሁን ሥራ ላይ ነኝ" ብላ የምትመልስ ሴት ናት። ያቺን የመሰለች እናት ሳትታመም ማሳመም ሟርት መሆኑን ራጉኤል አጥቶት አይደለም፤ አሳምሮ ያውቃል። እያወቀ ነው ያደረገው።

ለምን አደረገው? ነገሩ ወዲህ ነው። ተንዳሆ ኮከብ ከሚባለው የሰመራ ክለብ ጋር የሁለት ዓመት ውል ሲፈርም ማንም የማያውቀው የአዋሽ ልጅ ነበር። ወረቀቱን የፈረመው በእናቱ ቁርስ ቤት ደጃፍ፣ በክለቡ ፒካፕ ኮፈን ላይ ነው፤ ሾፌሩ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። አንብበው ያለው የለም፤ ቢሉትም የሚያነብበት ዓይን አልነበረውም፣ ልቡ ቀድሞት ሰመራ ገብቷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ይሄኛው ግን አልፈታ ብሎ ያንቀው ጀመር። ዘንድሮ በግራ መስመር እየበረረ ተከላካይ የሚያተራምሰው እሱ፣ የሚያገባው እሱ፣ ስታዲየሙ ስሙን እየጠራ የሚጨፍርለት እሱ፤ ደመወዙ ግን ያው ያኔ ኮፈን ላይ የተጻፈው። ዘንድሮ የመጡ፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ውሃ ሲጠጡ የሚውሉ አጥቂዎች የእሱን እጥፍ ድርብ ይበላሉ። ይሄ የማያንገበግበው ሰው ካለ እስቲ ይምጣና ይታይ።

ብቻውን አልነበረም የተንገበገበው። የማረፊያ ክፍል ተጋሪው በረኛው አብዱናሲር፣ ከባቲ የመጣው ረጅሙ ልጅ፣ እሱም ያው ነው፤ ጓንቱ ሲቀደድ በራሱ መርፌ ነው የሚሰፋው። ሁለቱ አንድ ቀን አብረው ቢሮ ገቡ። አቶ ፍሬምናጦስ ፊት ለፊታቸው ባሉት ሁለት ወንበሮች ላይ አስቀመጧቸውና በጸጥታ ሰሟቸው። ከዚያ ውል ውል ነው፣ ሲያልቅ ኑ አሉ። ደግሞም ራጉኤልን አይተው፣ እግርህ ተሰብሮ ዓመቱን ብትተኛ ደመወዜን ቀንሱልኝ ብለህ ትመጣ ነበር ወይ ብለው ጠየቁት። ነገሩ እውነት አለው፤ ያበሸቀውም እሱ ነው። ሁለቱ ሲወጡ የሰመራ ንፋስ አሸዋውን ፊታቸው ላይ እየረጨ ነበር። እዚያው ደረጃው ላይ ቆመው፣ ከእንግዲህ ስንጠይቅም አብረን፣ ስንለቅም አብረን ተባባሉ። አብዱናሲር ወላሂ አለ፣ ራጉኤል በሚካኤል ማለ።

ከዚያ ወዲህ ራጉኤል መቀመጥ አቃተው። ሲበላ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ይዘላል፤ ሲተኛ ፍራሹን ከግድግዳ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር ሲጎትት ያድራል። አብዱናሲር፣ ወይ ተኛ ወይ አስተኛኝ እያለ ይነጫነጭበታል። እንዲህ እያለ ነው ማርቲ የደወለችው። ማርቲ የተጫዋች ደላላ ናት፤ እሷ እንኳ ደላላ ሲሏት አትወድም፣ ወኪል በሉኝ ነው የምትለው። የአንድ ትልቅ የደገኛ ክለብ ኃላፊ ሐሙስ ወደ ድሬዳዋ ሲያልፍ አዋሽ ላይ ምሳ ይበላል፣ ዓይን ለዓይን ሊያይህ ይፈልጋል አለችው። አብዱናሲርንስ ቢላት በረኛ አላቸው አለች። ለማንም እንዳትተነፍስም አስጠነቀቀችው። ራጉኤል እሺ አለ። እሺ ያለበት ፍጥነት ለራሱም ገረመው።

ሐሙስ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈረ። አብዱናሲር ጓደኛዬ እናቱ ታመመችበት ብሎ፣ ያቺን ብቸኛ ደህና ጃኬቱን፣ መንገድ ላይ ትንተራሳታለህ ሲል ሰጠው። ራጉኤል ጃኬቷን አልተንተራሳትም፤ ወንበሩ ላይ አጠገቡ እንደ ሰው አስቀመጣት።

ሚሌ ላይ ሚኒባሱ ለቁርስ ቆመ። የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ነበር። ራጉኤል ገና ከመውረዱ ሀጂ ሁመድ አዩት። ሀጂ ሁመድ ፍየል ነጋዴ ናቸው፤ አፋር ናቸው፤ የተንዳሆ ኮከብ ጨዋታ ካለ ፍየሉም ገበያውም ይቅር ብለው ሰመራ ይገባሉ። ግንባሩን ሳሙት፣ ዛፍ ጥላ ሥር ወዳለው አግዳሚ ጎትተው አስቀመጡትና ዳጉ ጠየቁት፤ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ።

ዳጉን ረዥም ሰላምታ ነው ብሎ የሚያልፈው አላፊ አግዳሚ ነው። ራጉኤል አዋሽ ያደገ ልጅ ስለሆነ ያውቃል። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውን ያየሁት ነው፣ የሰማውን የሰማሁት ነው ብሎ ይነግራል፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት በቀለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ። የሰማው ሰው ተነስቶ ለሚቀጥለው ያደርሳል፤ ዛሬ ደግሞ ስልክ መጥቶ ጭራሽ አክንፎታል። በዳጉ አይዋሽም። የዋሸ ሰው ቅጣቱ ብዙ ነው ይላሉ፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው አለመኖሩ ነው። የሚነግረውን የሚሰማ የለም፣ የሚሰማውን የሚነግረው የለም። ሰው መሃል ቁጭ ብሎ ብቻውን ይቀራል።

ራጉኤል ለጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ግን ሀጂ ሁመድ ከአቶ ፍሬምናጦስ ጋር በስልክ ይገናኛሉ፤ ሁለት ዓይነት ነገር ብናገር እጋለጣለሁ ብሎ ፈራ። ምላሱ ረቡዕ የለመደውን ደገመ፤ እናቴ ታማለች አለ። ሀጂ ሁመድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። በዳጉ ደግሞ ታማለች ብሎ ማለፍ የለም፤ ምኗን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ማን አለ አጠገቧ ተባለ። ራጉኤል ደረቷን ነው አለ፣ ከተኛች ሰነበተች አለ፣ ብቻዋን ናት አለ። ይቺ ብቻዋን ናት ያላት ነገር ነች ሁሉን ያመጣችው፤ እሱ ግን አላወቀም። ሻዩን ሳይጨርስ ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ አባቶች። የራጉኤል ውሸት ግን በየቆመበት እየከበደች ሄደች። አዳይቱ ሲደርስ ሻይ ሻጯ አሪፋ ወደ ሚኒባሱ መስኮት መጥታ፣ አላህ አፊያ ይስጣቸው ወንድሜ፣ ብቻቸውን ናቸው አሉ አይደል አለችው። እሱ ገና አፉን አልከፈተም። ገዋኔ ላይ ደግሞ አንድ ጎረምሳ መንገዱ መሃል ቆሞ ሚኒባሱን አስቆመና የራጉኤልን ፊት በየወንበሩ ፈለገ። ሲያገኘው ትንሽ ጄሪካን አስታቀፈው። የፍየል ወተት ነው፣ የእናንተ ሰው የግመል እንደማይጠጣ እናውቃለን፣ ለደረት ጥሩ ነው፣ ለእናትህ ስጣት አለው። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ራጉኤልን እያየ እግዜር ይማራቸው ይል ጀመር። ራጉኤል አሜን አለ። ወተቱን ጭኑ ላይ እንደያዘ፣ እግሩ እየዘለለ፣ ወተቱም ከእግሩ ጋር እየተንቦጫረቀ አዋሽ ገባ።

ቤቱ አልሄደም። እናቱ ዓይኑን አንዴ ካየች እንደማትለቀው ያውቃል። በቀጥታ ምሳ ወደሚበላበት ሆቴል ገባና ጄሪካኑን ከጠረጴዛው ሥር ወሸቀው። ማርቲ አየችና ይሄ ምንድነው አለች። ወተት ነው አላት። 

ኃላፊው ሸበቶ፣ ንግግሩ ለስላሳ፣ ጥብሱን በትዕግስት የሚያኝክ ሰው ነበር። የሚከፍሉትን ሲናገር ድምፁን እንኳ አልቀየረም፤ ራጉኤል ግን ጆሮው ጮኸ። እናቱን ከዚያ ከምድጃ ጭስ የሚያወጣ፣ እሱንም ሰው የሚያደርግ ነገር ነው። የቀረችው አንዲት ነገር ውሉ ናት። ኃላፊው ለእሷም መላ አለው። ከእሁድ ጀምረህ ጉልበቴን በል አለው፤ ተኛ፣ አንክስ። የማይጫወት ሰው ማንም አይቀልብም፣ ወር ሳይሞላ ውልህን ራሳቸው ይቀድዱልሃል፣ እኛ ደጃፍ ላይ እንጠብቅሃለን። ለጊዜው የስምምነት ወረቀት ብቻ ትፈርምልናለህ ብሎ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ።

ራጉኤል እስክሪብቶውን አየ እንጂ አላነሳውም። ማርቲ ማመንታቱን ስታይ ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

"አንተ ማግባት ስታቆም ውል ነው ብለው የሚያቅፉህ መሰለህ?" አለችው። "አምና ተከላካዩን አትክልትን ሲያባርሩት ውሉ አልቆ ነበር? ጉልበቱ ነው ያለቀው። ውል ለእነሱ ሲሆን ብቻ ነው የሚጠብቀው።"

ይሄም እውነት አለው። ያን ሰሞን ራጉኤልን የገጠመው ክፋት ይሄ ነው፤ ያናገረው ሰው ሁሉ እውነት አለው። እጁ ወደ እስክሪብቶው ሄደ። በዚህ መሃል ነው የሆቴሉ አስተናጋጅ እድላዊት ሰሃን ልታነሳ መጥታ ያየችው። እድላዊት የሰፈሩ ልጅ ናት፣ ግድግዳ ለግድግዳ ነው ያደጉት። ክው ብላ ቀረች።

"ራጉ፣ እዚህ ተቀምጠህ ትበላለህ?" አለችው። "እትዬ አስረሳች ብሶባቸው ተኝተዋል እኮ። ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ነው፤ አፋሮቹ ሳይቀሩ ቤቱን ሞልተውታል። አሁን ከዚያ ነው የመጣሁት፤ ዓይናቸውን አይገልጡም።"

እንግዲህ ሰው መሆን እንዲህ ነው። ውሸቱን የፈጠረው ራሱ፤ ሕመሙን ከገዛ አፉ ያወጣው ራሱ፤ ደረቷን ነው ያለው ራሱ። ግን አመነ።  በሟርትህ አገኘሃት፣ እግዜር ሰማህ አለ በልቡ። ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ፤ ጄሪካኑን ምን እንዳሰበ እንጃ ከጠረጴዛው ሥር መንጭቆ ወጣ። ማርቲ ከኋላው ፈርመህ ሂድ እንጂ እያለች ነበር።

የግራ መስመሩ ራጉኤል በሕይወቱ እንደዚያ ሮጦ አያውቅም። በባቡር ጣቢያው አጥር ሥር፣ በዛጉት ፉርጎዎች አጠገብ፣ ወተቱን አቅፎ በረረ። ቁርስ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ቀድሞ ያየው የተንዳሆ ኮከብን ፒካፕ ነው። ያው ውሉን የፈረመበት ኮፈን ነው። ፒካፑ ጎማ ላይ ደግሞ አንዲት ነጭ ፍየል ታስራለች።

ቤቱ ጢም ብሏል። የአፋር ሽማግሌዎች ምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል፤ ሴቶቹ በግድግዳው ጥግ፣ ጎረቤቶች በሩ ላይ። ሀጂ ሁመድ ከአልጋው ራስጌ ተቀምጠዋል። ግርጌው ላይ ደግሞ አብዱናሲር፣ ያ ረጅም ቁመቱ በርጩማ ላይ ተጣጥፎ። ከራጉኤል ኋላ ጠዋቱን ተነስቶ ነው የመጣው። ሀጂ ሁመድ ከሚሌ ክለቡ ዘንድ ደውለው ሴትዮዋ እኮ ብቻዋን ናት ሲሉ፣ አቶ ፍሬምናጦስ ፒካፑን ከነሾፌሩ ሰጡ፤ ተጫዋቾቹ ከዚያችው ከምታንሳቸው ደመወዝ አዋጡ፤ አብዱናሲር አሠልጣኙን አስፈቅዶ ተሳፈረ፤ ሀጂም ሚሌ ላይ ከነፍየላቸው ገቡ። ሥጋ አንበላላምና ፍየሏ በቁሟ ትሂድ አሉ። አብዱናሲር ራጉኤልን ሲያይ ተነስቶ አቀፈው። ፖስታውን ኪሱ ውስጥ እየከተተለት፣ ለመድኃኒት ነው፣ ልጆቹ ናቸው አለው። የት ነበርክ አላለውም። ወተት ፍለጋ የሄደ መስሎታል።

አስረሳች ግንባሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ፣ እስከ አንገቷ ተሸፍና ተኝታለች። ራጉኤል አልጋው ሥር ተንበረከከ። እጇን ይዞ ሲስም እጇ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ትኩሳት የለውም። ግራ ገብቶት ቀና ሲል እናቱ አንድ ዓይኗን ገለጠች። ጤነኛ ዓይን ነው፤ ከጤናም አልፎ የተቆጣ ዓይን። ጆሮውን ወደ አፏ ሳበችው።

"ተኝቼልሃለሁ" አለችው በሹክሹክታ። "እስከ መቼ እንደምተኛ ንገረኝ።"

የሆነውን ኋላ ነው የሰማው። እኩለ ቀን ላይ፣ ደንበኛው በርትቶ እሷ ነጭ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ የሀጂ ዘመዶች ወተትና ቅቤ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። በሽተኛዋ የታለች አሉ። የምን በሽተኛ ልትል አፏን ከፈተች፤ አንዱ ሽማግሌ ግን ልጅሽ ለሁመድ በዳጉ ነገረው አለ። አስረሳች አዋሽ ውስጥ ዕድሜዋን የኖረች ሴት ናት። ለአለቃ መዋሸትና በዳጉ መዋሸት አንድ እንዳልሆነ ከማንም አትማርም። አልታመምኩም ብትል ልጇ ከአዋሽ እስከ አሳይታ ቃሉ የማይሰማ ሰው ሆኖ እንደሚቀር ገባት። ቢላዋውን አስቀመጠች፤ ደረቴን ነው ብላ ሻሿን ግንባሯ ላይ አዙራ ተኛች። እመቤቴ ይቅር በይኝ እያለች ነው የተኛችው፤ ጎረቤቱ ሕመሙ ነው የሚያስጸልያት ብሎ አለቀሰላት። ሐኪም እንጥራ ስንላት እምቢ አለች ብለው ተጨነቁ። ሳትታመም ተጠየቀች።

ራጉኤል አልጋው ሥር እንደተንበረከከ ቀረ። መውጫ ነበረው። እናቱ ነገ ተሻለኝ ብላ ብትነሳ ሁሉም ተመስገን ብሎ ይበተናል፤ እሱም ወደ ሆቴሉ ተመልሶ ይፈርማል፤ እሁድ ጉልበቴን ይላል። አንዱ ውሸት ሌላውን ተሸክሞ ይሄዳል። ፖስታው ኪሱ ውስጥ ጭኑን ወጋው። የእናቱ እጅ በእጁ ውስጥ ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ ሥራ ፈትቶ አያውቅም ያ እጅ። ልጅሽ አሳፈረሽ ከሚሏት እኔ በሽተኛ ልባል ብላ ነው የተኛችው። ራጉኤል አፈረ፤ ጆሮው እስኪግል፣ ዓይኑ እስኪሞላ ድረስ አፈረ። ከዚያ ተነሳ።

"ሀጂ" አለ፣ "ዳጉ አለኝ።"

 በሽተኛ ራስጌ ዳጉ አለኝ ሲባል ሰው የሚጠብቀው ሞት ነው።

"ያየሁትን ነው የምናገረው። እናቴ አልታመመችም። ረቡዕ ለክለቡ ዋሸሁ፣ ዛሬ ጠዋት ሚሌ ላይ ለእርስዎ ዋሸሁ። አዋሽ የመጣሁት ከደላላ ጋር ተገናኝቼ ሌላ ክለብ ልፈርም ነው። ለአብዱናሲር አብረን እንጂ ብቻዬን አልሄድም ብዬ ምዬለት ነበር። ብቻዬን መጣሁ።"

 አብዱናሲር ከርጩማው ተነስቶ፣ አንገቱን ደፍቶ የበሩን ጉበን አልፎ ወጣ።  ጭቅጭቅ የለ፣ ቁጣ የለ፤ ያ ነበር የሚያስፈራው። ሀጂ ሁመድ ከሽማግሌዎቹ ጋር በአፋርኛ ጥቂት ተነጋገሩና ወደ ራጉኤል ዞሩ።

"ይቺን ወሬ ማንም አያደርስልህም" አሉ። "ስልክም አይደወልም። ውሸቱን የወሰድክበትን መንገድ እውነቱን ይዘህ ራስህ ትመለስበታለህ።"

አስረሳች ይሄን ጊዜ ሻሿን ከግንባሯ ፈታ ቁጭ አለች። ተመስገን፣ ወገቤ ደርቆ ነበር አለች። ጎረቤት ሁሉ አፉን ይዞ ሲያያት አልጋው ላይ እንደተቀመጠች ለሀጂ ሁመድ እጅ ነሳችና ፍየልዎን ይውሰዱ፣ ሳልታመም አልበላም አለቻቸው። ሀጂ እምቢ አሉ። ፍየሏ የመጣችው ለአንቺ ነው እንጂ ለውሸቱ አይደለም አሉ። ሰው ታሞ ከስቶ ይነሳል፣ እኔ ሳልታመም ፍየል አተረፍኩ ብላ አስረሳች ሳቀች፤ ሳቋ ግን ልጇን አልነካውም። ወተቱን ተቀብላ አፈላችው፣ ቀምሳም ጥሩ ወተት ነው አለች። ልጇን እስከ ማግስቱ አላናገረችውም። ጠዋት ፒካፑ ሲነሳ ብቻ ነው በመስኮቱ እጇን አስገብታ ጉንጩን የነካችው።

የመልሱን መንገድ ሾፌሩ ሬዲዮ አልከፈተም። አብዱናሲር ፊት ተቀምጦ መንገዱን ብቻ ያያል። ራጉኤል ከኋላ ከሀጂ ሁመድ ጋር ነው፤ ጃኬቷን ሊመልስለት ዘረጋለት፣ አብዱናሲር ዞሮም አላያት። ሲሄድ የነፋስ ያህል የቀደመችው ወሬ በዚህኛው መንገድ የለችም፤ እንደተባለው ማንም አልነካትም። ሰው ሁሉ እሱን ይጠብቃል።

ገዋኔ ላይ ያ ጎረምሳ ሮጦ መጣ። እናትህስ አለ። ራጉኤል ከመኪናው ወርዶ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ ነገረው። ጎረምሳው ሰምቶ ሲጨርስ ወተቱን ማን ጠጣው ሲል ጠየቀ። እናቴ ጠጣችው ሲለው እንኳን እሷ ጠጣችው ብሎ ጀርባውን ሰጥቶት ሄደ። አዳይቱ አሪፋ ሻይ ልትቀዳ ብርጭቆ አንስታ ነበር፤ ሰምታው ስትጨርስ ብርጭቆውን መልሳ ደፋችው። እናትን እንዲህ ያደርጋሉ አለች፤ ሌላ ምንም አላለች። ያቺ ያልተቀዳች ሻይ ከስድብ ባሰችበት። ሚሌ ከዛፉ ሥር አግዳሚው ላይ ለተቀመጡት ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረ፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁ መንቀጥቀጡን ተወ። ሀጂ ሁመድ እዚያ ወረዱ። ሄዱ ሲባል ተመልሰው በመስኮቱ ጎንበስ አሉ፤ እሁድ ትጫወታለህ ወይ ብለው ጠየቁት። ካሰለፉኝ አለ። እመጣለሁ አሉና ወደ ፍየሎቻቸው ሄዱ። ራጉኤል ሀጂ ጥያቄ እንደጠየቁት ዘግይቶ ነው ያስተዋለው፤ ሰው የማይሰማውን ሰው አይጠይቅም።

ከሚሌ ሲወጡ ስልኩ ጮኸ። ማርቲ ናት። ድምጿ ጭር ባለው መኪና ውስጥ ለሁሉም ይሰማል። ሰውዬው ድሬዳዋ ላይ ሌላ የግራ መስመር አግኝቷል፣ ዕድል እንደ ባቡር ናት ራጉዬ፣ ወርደህ ስትመለስ አትጠብቅህም አለችው። ራጉኤል ውሌ ሲያልቅ ደውይልኝ፣ የምንነጋገረው ግን በረኛም ካስፈለጋችሁ ነው አላት። ሳቀችበትና ዘጋችው። መስኮቱን ከፈተ፤ ትኩሱ ንፋስ ገባ። ያን ሁሉ ነገር ማጣቱን ልቡ ያኔ ነው የተቀበለው። ቆጨው። እውነቱን ከተናገረ በኋላም ቆጨው፤ ምን ይደረግ፣ ደመወዙ ያው ነው።

ሎጊያ ሲቃረቡ አብዱናሲር ዞር ሳይል አፉን ከፈተ።

"ስንት አለህ ሰውዬው?"

ራጉኤል ነገረው፤ ቤሳ ሳያጎድል፣ ቤሳ ሳይጨምር። አብዱናሲር ረጅም ፉጨት ለቀቀ።

"ለእሱማ እኔም እናቴን አሳምማት ነበር" አለ። ሾፌሩ በሳቅ ፈነዳ፤ ራጉኤልም ሊስቅ ሲል ግን አብዱናሲር ቀጠለ። "እኔ ግን እነግርህ ነበር።" ከዚያ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ጃኬቱን ተቀበለ።

ሰመራ ሲገቡ ራጉኤል ወደ ማረፊያው አልሄደም። ፖስታውን ይዞ በቀጥታ ደረጃውን ወጣ፣ ያንኑ የተማማሉበትን ደረጃ። አቶ ፍሬምናጦስ ሲያዩት ከወንበራቸው ተነሱ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ እናትህ እንዴት ናቸው አሉት። ማንም አልነገራቸውም። እዚህም ድረስ ወሬዋ እሱን ጠብቃለች።

"ደህና ናት" አለ ራጉኤል። "ድሮም አልታመመችም። ዋሽቼዎት ነው የሄድኩት፤ ሌላ ክለብ ላናግር።" ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "ይሄ የልጆቹ ነው፣ ይመልሱላቸው። ቅጣቱን እቀበላለሁ፤ እሁድ አትጫወትም ካሉኝም እሺ። ደመወዙን ግን አሁንም እጠይቃለሁ። አሁን ያለ ውሸት ነው የምጠይቅዎት።"

አቶ ፍሬምናጦስ መነጽራቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ፊታቸው ሊደርቅ ጀምሮ ነበር። ራጉኤል በቀኝ በኩል ያለውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ የግራው ባዶውን ቀረ። እግሩ ከጠረጴዛው ሥር መዝለል ጀመረ። ያኔ ከኋላው በሩ ተከፈተ፤ አብዱናሲር ጎንበስ ብሎ ገባ፣ በሩን ዘጋና ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ።